እንቦጭ፦ ከጓሮ ኩሬ እስከ ጣና

እንቦጭ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ፈዛዛ ሐምራዊ አበባ ያለው መጤ አረም ነው። ሳይንሳዊ መጠሪያው ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ ሲሆን፣ በቀድሞ ስሙ አይኮርኒያ ክራሲፔስ ይባል ነበር። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለኩሬ ማስጌጫ እየተባለ ከአገር አገር የተወሰደው በአበባው ውበት ነው፤ ሰው ወዶ ያመጣው ጠላት ይሉታል ይህ ነው።

አንድ እግር እንቦጭ ከውሃ አውጥቶ ያየ ሰው የመስፋፋቱ ምስጢር ብዙም አያስቸግረውም። ቅጠሉን የተሸከመው አገዳ ሽንኩርት መስሎ ያብጣል፤ ሲሰነጠቅ ውስጡ አየር የያዘ ነጭ ስፖንጅ ነው። ከጎኑ ቀጭን ሐረግ ይወጣል፣ በሐረጉ ጫፍ ላይ ደግሞ ልጁ ተቀምጧል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል።

በቤት ውስጥ አኳሪየም ብርሃን ስለሚያንሰው ይጠወልጋል፤ ፀሐይ ያለው የጓሮ ኩሬ ሲያገኝ ግን ነፍስ ይዘራል። ሌሎች የአኳሪየም እጽዋት እንዲህ አይደሉም፦ በጥላ ለምደው በአንድ ጊዜ ለቀጥታ ፀሐይ ከተዳረጉ ቅጠላቸው ስለሚቃጠል፣ በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ማላመድ ያስፈልጋል። ብርድ ባለባቸው አገሮች እንቦጭን ውርጭ ይገድለዋል፤ አትክልተኛው በየዓመቱ አዲስ ይገዛል። ይህም ሆኖ የአውሮፓ ኅብረት በ2016 እ.ኤ.አ. ሽያጩን አግዷል። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ባሕር ዳር ግን ኩሬ የሚያጸዳላት ክረምት የላትም፤ የእኛ ክረምት ዝናብና ጎርፍ ነው።

በኢትዮጵያ በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ አካባቢ ታየ። በጣና በይፋ የተመዘገበው በ2011 እ.ኤ.አ. በመገጭ ወንዝ መግቢያ ነው። ከዚያ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻዎች ተንሰራፋ። ውሃው በዚያ ወገን ጥልቀት የለውም፤ ወንዞቹም ከእርሻ የታጠበ አፈር ይዘው ይገባሉ። ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፣ ማሽንም ተሞክሯል። ሐይቁ ሲሸሽ ባህር ሸሽ በሚባለው መሬት ላይ የቀረው ዘር ግን ውሃው ሲመለስ ይበቅላል። በቪክቶሪያ ሐይቅ እንቦጩን ለመቀነስ ካገዙት አንዱ ቅጠሉን የሚበላ፣ ኔኦኬቲና የተባለ ጥንዚዛ ነው፤ ሥራው ግን ዓመታት ይፈልጋል።

ባሕር ዳር ላይ ኩሬ ለሚቆፍር ሰው ከሁሉ የሚሻለው ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ነው፤ ከሐይቁ ዳርቻ የበቀለ ስለሆነ አምልጦ ወደ ጣና ቢገባም ቤቱ ነው። ከኩሬ የሚወጣ ትርፍ ተክል ደግሞ ወደ ሐይቅ በሚወርድ ቦይ አይጣልም። ከውሃ ርቆ፣ ደረቅ መሬት ላይ ተሰጥቶ፣ ሥሩ ተሰባሪ እስኪሆን በፀሐይ ይደርቃል።