የኬሚካል ተንን በብርሃን የሚለይ ወረቀት

ከደቡብ ጅዳ የካራንቲና አካባቢ እስከ መካ ድረስ በጽዳት፣ በቀለም ቅብና በጋራዥ ሥራ የተሰማሩ ሠራተኞች በየዕለቱ ከኬሚካል ተን ጋር ይገናኛሉ። ተኑ በአብዛኛው በዓይን አይታይም፤ አፍንጫም ሁልጊዜ አስተማማኝ ዳኛ አይደለም። ከፍሳሽ ጉድጓድ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጥቂቱ ሲሆን እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ በአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ 100 እጅ ገደማ ሲደርስ ግን የማሽተት ችሎታን ያደነዝዛል። ሰውየው አደጋው ያለፈ ሲመስለው አደጋው በርትቷል ማለት ነው።

ለዚህ ችግር ከሚቀርቡት ርካሽ መፍትሔዎች አንዱ የፍሎረሰንት ወረቀት ጠቋሚ ነው።

አሠራሩ

የማጣሪያ ወረቀት ፍሎረሰንት በሆነ ማቅለሚያ ተነክሮ ይደርቃል። አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ማቅለሚያው ጨረሩን ውጦ የሚታይ ብርሃን ያመነጫል። የተን ሞለኪውሎች ሲነኩት ብርሃኑ ይደበዝዛል፣ ይደምቃል ወይም ኅብሩን ይለውጣል። ወረቀት በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ ተኑ በቀላሉ ይዘልቀዋል፤ የሚፈጀው ማቅለሚያም ጥቂት ነው።

አንድ ማቅለሚያ ብቻውን የተለያዩ ተኖችን ሊያምታታ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ የተለያዩ ማቅለሚያዎች በነጠብጣብ ይደረደራሉ፤ ነጠብጣቦቹ በኅብረት የሚያሳዩት ለውጥም ለእያንዳንዱ ተን እንደ ጣት አሻራ ያገለግላል። የነጠብጣብ ድርድር ዘዴን እ.ኤ.አ. በ2000 ኬነዝ ሰስሊክና ኒል ራኮው በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቀለም በሚለውጡ ማቅለሚያዎች አሳይተዋል። ከጅዳ በስተሰሜን ቱዋል ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የንጉሥ ዓብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ጋዝ በሚለዩ ቁሶች ላይ ምርምር ያካሂዳል።

ገደቡ

ወረቀት እርጥበት ይስባል፤ እንደ ጅዳ ባለ የባሕር ዳርቻ ከተማ ይህ ንባቡን ሊያዛባ ይችላል። ማቅለሚያውም በብርሃን ብዛት ይደክማል። በመሆኑም ጠቋሚው የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ እንጂ የመለኪያ መሣሪያዎች ሙሉ ምትክ አይደለም።

እስከዚያው የሚደረግ ጥንቃቄ

በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል መርዛማውን ክሎሪን፣ ከአሞኒያ ጋር መቀላቀል ደግሞ ሳንባን የሚጎዳ ክሎራሚን ያስወጣል። መታጠቢያ ቤት ሲጸዳ በርና መስኮት ይከፈት፤ ሁለት የጽዳት ኬሚካሎች በአንድነት አይፍሰሱ። ዓይን ካቃጠለ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሥራውን ትቶ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ይገባል። በጅዳና በመካ የአደጋ ጊዜ ጥሪ 911፣ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ደግሞ 997 ነው።