ነፋሱ የት ሄደ?

የመጽሐፍ ርእስ መተርጐም ምን ያህል እንደሚከብድ ሳስብ ቀድሞ የሚታወሰኝ ገጣሚ ነቢይ መኮንን ነው። ነቢይ በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ፣ የማርጋሬት ሚሼልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚወጣ ወረቀት ላይ እየጻፈ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀቶቹም በድብቅ ከእስር ቤት ወጥተው ኋላ መጽሐፍ ሆኑ። ርእሱን ግን «ነገም ሌላ ቀን ነው» አለው። ነፋሱስ የት ሄደ?

ልቦለዱ የታተመው ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት በ1928 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን 1936 ነው። ርእሱ ከእንግሊዛዊው ባለቅኔ ከኧርነስት ዳውሰን ግጥም የተወሰደ ሲሆን፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለጠፋው፣ በባርነት ላይ ቆሞ ስለነበረው የደቡብ ግዛቶች ባላባቶች ዓለም ያዝናል። ፈረንሳዮች ነፋሱን አልለቀቁትም፤ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔያቸው ፍራንስዋ ቪዮን በግጥሙ አዝማች ነፋስን አስቀምጦላቸው ነበርና ርእሱን ከዚያ ወሰዱ።

የእኛ ነፋስ ግን ሌላ ሥራ አለው። እኔ ባለሁበት በአቃቂ ቃሊቲ ዳርቻ ገበሬው አውድማ ላይ እህሉን ሲያዘራ ነፋሱ ገለባውን ይወስዳል፤ ፍሬው ይቀራል። መዝሙረ ዳዊትም በነፋስ ተጠርጎ የሚሄደው ኃጥእ እንደሆነ ይነግረናል። እንግዲህ «ከነፋስ ጋር ሄደ» ቢባል ሐዘኑ ፍርድ ይሆናል፤ የሄደው ሁሉ ገለባ ነበር እንደማለት ነው። ባርነትን ላሰበ ሰው ፍርዱ ተገቢ ነው፤ ደራሲዋ ግን እንዲያ አላለችም።

ነቢይ ርእሱን ያነሣው ከልቦለዱ መዝጊያ ዐረፍተ ነገር ነው። ደራሲዋም ይህንኑ ሐረግ ለርእስነት አስባው እንደነበር ይታወቃል። እኛ ባንክ ቤት የውጭ ገንዘብ ስንመነዝር የምንሰጠው መልኩን ሳይሆን ዋጋውን ነው፤ ነቢይም እንዲሁ አደረገ። ኪሳራ የለውም አልልም፤ ወደ ኋላ የሚያየው ሐዘን ከርእሱ ጠፍቷል።

በምትኩ ግን አንዲት ፊደል አትርፈናል፤ «ነገም» ላይ ያለችውን «ም»። በእንግሊዝኛው የለችም። ነገም እንደ ዛሬው ያው የእስር ቀን ነው፤ ነገም ከዛሬው የተለየ ቀን ነው። እስረኛ ሁለቱንም ትርጉሞች በአንድ ሌሊት ያነባቸዋል።

ነቢይ በ2016 ዓ.ም. ዐረፈ። አንባቢ ሆይ፣ አንተ ብትሆን ነፋሱን ትመርጥ ነበር ወይስ ነገን?

ቸር ያሰንብተን።