የያኩ ሕዝብ ቀፎና ቋንቋ

ቋንቋ የሚጠፋው ተናጋሪው ሕዝብ ሲያልቅ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ከኬንያ ተራራ በስተሰሜን፣ በሙኮጎዶ ደን የሚኖሩት የያኩዎች ታሪክ ግን ሌላ ምክንያት ያሳየናል።

ያኩዎች ቀድሞ በዋሻ እየኖሩ በአደንና በማር ይተዳደሩ ነበር። ቋንቋቸው እንደ ኦሮምኛና ሶማልኛ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ነው። ጥሎሽ የሚከፈለው በንብ ቀፎ ስለ ነበረ፣ ወጣቱ ጎጆ ለመውጣት ደኑ ይበቃው ነበር።

የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች እ.ኤ.አ. በ1911 በተፈረመ ውል ማሳዮችን ከላይኪፒያ አስነሥተው መሬቱን ለነጭ ሰፋሪዎች አደረጉት። የማሳይን ቋንቋ የሚናገሩ ሌሎች አነስተኛ የከብት አርቢ ጎሣዎችም ወደ ሙኮጎዶ ተገፉ። እነዚህ አርቢዎች ከብት የሌለውን «ዶሮቦ» እያሉ ይንቁ ነበር፤ ለሴት ልጃቸውም የሚጠይቁት ጥሎሽ ከብት ነበር። በዚህም ቀፎ ዋጋ አጣ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ያኩዎች ከብት አርቢዎች ሆኑ፤ ልጆቻቸውም በማሳይ ቋንቋ አፋቸውን ፈቱ። ሕዝቡ ሳያልቅ ቋንቋው በጥቂት ሽማግሌዎች አንደበት ብቻ ቀረ። በቅርብ ዓመታት ለልጆች መልሶ ለማስተማር ጥረት ተጀምሯል።

እንግዲህ ቋንቋ ከመሬትና ከኑሮ ተነጥሎ እንደማይቆም እንረዳለን። እኛ መምህራን ተማሪዎቻችን የየአካባቢያቸውን የዛፍ፣ የአዝርዕትና የንብ እርባታ ቃላት ከአረጋውያን ጠይቀው እንዲመዘግቡ ብናደርግ፣ ታሪክን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከደጃፋቸውም ይማራሉ።