የሱስ ችሎትና የሸዋ ሮቢት መንገድ

ልብ ብላችሁ ስሙኝማ። የደሴን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ሰንጥቃችሁ ደብረ ሲና ስትደርሱ ጋቢው ገና ከትከሻ አልወረደም። ከዚያ ቁልቁለት ነው። አርማንያ ላይ ወበቁ ይቀበላችኋል፤ ማሽላና ማሾ የሚዘራበት የይፋት ቆላ ይዘረጋል፤ ሸዋ ሮቢት ደረሳችሁ ማለት ነው። ከተማዋ በእርሻዋም በማረሚያ ቤቷም ስሟ ይነሳል።

ይህን ቁልቁለት እጁ በካቴና ታስሮ የሚወርድም አለ። ማረሚያ ቤቱ የፌዴራል ነውና አዲስ አበባ የተፈረደበት ሰው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ እዚህ ሊታሰር ይችላል። እስቲ አንድ ወጣት በሐሳባችሁ ያዙልኝ። ሐሺሽ ለመደ። ውሎ አድሮ ለራሱ መግዣ እንዲያገኝ ለጓደኞቹ መሸጥ ጀመረ። ተያዘ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ዕፅ ያዘዋወረን ሰው ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ዳኛው ሕጉ ያዘዛቸውን ፈረዱ። እናቱ ስንቅ ቋጥራ በሌሊት ተነስታ ቁልቁለቱን ትወርዳለች። ጊዜውን ጨርሶ ይወጣል። ሱሱንስ ማን አየው? ማንም።

ይህ ጥያቄ የተነሳው እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም። በፈረንጆች 1989 በፍሎሪዳ፣ በማያሚ፣ እስር ቤቱ በኮኬይን ተከሳሾች ሞልቶ ነበር። ሰዎቹ ይፈታሉ፤ ተመልሰው ይያዛሉ። ያን ጊዜ የአካባቢው ዐቃቤ ሕግ ጃኔት ሪኖ ነበሩ፤ በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሆኑት። እዚያ አንድ የተለየ ችሎት፣ የሱስ ችሎት፣ ተቋቋመ። ተከሳሹ ወህኒ በመውረድ ፈንታ ሕክምና ይጀምራል፤ ሽንቱ ይመረመራል፤ በየጊዜው እዚያው ዳኛ ፊት ይቀርባል። ከበረታ ይመሰገናል፤ ክሱም ይቀርለታል። ካፈገፈገ ይቀጣል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ችሎቶች ከ3000 በላይ ናቸው።

ግን ሠሩ ወይ? ብዙ ችሎቶች «ካስመረቅናቸው ይህን ያህሉ ዳኑ» እያሉ ይናገራሉ። እኔ ይህን ቁጥር አልቀበለውም። በመሐል የወደቀውን ትቶ የበረታውን ብቻ መቁጠር ሐኪም የሞቱበትን በሽተኞች ከመዝገብ እንደመፋቅ ነው። ደግነቱ በትክክል የመዘኑም አሉ። በባልቲሞር 235 ተከሳሾችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው፤ ከፊሉ ወደ ሱስ ችሎት፣ ከፊሉ ወደ መደበኛው። ከሁለት ዓመት በኋላ በመደበኛው ካለፉት ከመቶ 81 የሚሆኑት እንደገና ተይዘዋል። በሱስ ችሎት ካለፉት ደግሞ 66። ልብ በሉ፣ 66ም ብዙ ነው፤ ተአምር አልተሠራም። ልዩነቱ ግን የሰው ሕይወት ነው። ውጤቱ የጎላው ደግሞ ሕክምናውን፣ ምርመራውንና ዳኛ ፊት መቅረቡን በእርግጥ ያገኙት ላይ ነው። በፈረንጆች 2012 ኦጅማር ሚቸልና ባልደረቦቹ 154 ጥናቶችን ሲያጠቃልሉም የአዋቂዎቹ ችሎት ዳግም ጥፋትን ከ50 ወደ 38 በመቶ ግድም እንደሚያወርድ አገኙ። የታዳጊዎቹ ግን ብዙም አልቀነሰም። ለአዋቂ የሠራውን እንዳለ ለልጅ ማልበስ አይሆንም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እንዲህ ያለ ችሎት የለንም። ጫት በሕግ አልተከለከለም፤ የይፋቱ አርጎባ ገበሬም ያለማዋል፤ እሱን ችሎት ላይ አላመጣውም። የምናገረው ዕፅ ተጠቅሞ ለተከሰሰው፣ ሱሱን ለመመገብ ሲል ለሸጠው ነው። ሕጋችን የቅጣት ገደብ ያውቃል፤ ዳኛ ቅጣቱን አግዶ ግዴታ ሊጥል ይችላል። ክትትሉም ባዕድ አይሆንብንም፤ ሽማግሌ ሲያስታርቅ ዋስ ይጠራል፤ አጥፊው ቃሉን ቢያጥፍ ዋሱ ይጠየቃል። የሚጎድለው ሐኪሙ ነው። የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው አማኑኤል ሆስፒታል ለአገር ሁሉ አይበቃም። ሕክምና ሳይኖር ችሎት ማቋቋም ወጣቱን በቀጠሮ ማመላለስ ብቻ ይሆናል፤ ይህንንም አጥብቄ እቃወማለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ ለፌዴራል ፍርድ ቤቶችና ለጤና ሚኒስቴር ነው። ባንድ ላይ ተቀመጡ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ችሎት ክፈቱ፣ ከአንድ የሱስ ሕክምና ክፍል ጋር አጣምሩት። የገባውን ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን መዝግቡ፤ የወደቀውንም ጭምር። ሸዋ ሮቢት ላሉትም የሱስ ሐኪም ወደ ማረሚያ ቤቱ ላኩ፤ እነሱ አዲስ ችሎት እስኪከፈት የሚጠብቁበት ጊዜ የላቸውም።