ታፔላው ናዝሬት ይላል፣ ፈቃዱ አዳማ፤ ስሙ የማን ነው?

አዳማ ላይ ዋናውን አስፋልት ይዞ የሚሄድ ሰው ሁለት ከተማ ያነባል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደጅ የተጻፈው «አዳማ» ነው፤ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጋዊው ስም ይኸው ነው። በንግድ ቤቶች ታፔላ ላይ ግን «ናዝሬት» አሁንም አልጠፋም። የሚኒባስ ረዳቱም አንዴ አዳማ፣ አንዴ ናዝሬት እያለ ይጣራል፤ ተሳፋሪውም በሁለቱም ስም ይገባል።

አፄ ኃይለ ሥላሴ ከመጽሐፍ ቅዱስ ወስደው ናዝሬት ያሏት ከተማ ወደ ቀድሞ ስሟ ስትመለስ ነገሩ የፖለቲካ ጉዳይ ሆኖ ብዙ ተባለበት። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት መባሏ ሲቀር፣ ዝዋይም ባቱ ስትባል እንደዚሁ። የንግድ ጉዳይ መሆኑ ግን እምብዛም አልተነሳም። ሠላሳ ዓመት በ«ናዝሬት» ስም እንጀራ የበላ ዳቦ ቤት፣ ሆቴል፣ ጋራዥ ወይም ፎቶ ቤት፣ መንግሥት የከተማውን ስም ሲቀይር የእሱ ስም ምን ይሆናል? ከዚያስ ሌላ ሰው መጥቶ ያንኑ ስም ታፔላው ላይ ቢጽፍ ከልካዩ ማን ነው?

የሕጉ አጭር መልስ ብዙ ነጋዴ የሚጠብቀው ዓይነት አይደለም። የቦታ ስም ብቻውን የማንም አይሆንም። ለዚህ ከስምጥ ሸለቆ ራሱ የተሻለ ምሳሌ የለም። ባቱ ላይ የካስቴል ወይን ፋብሪካ አንዱን ወይኑን «ሪፍት ቫሊ» ብሎ ይሸጣል። አዳማ ላይ የተመሠረተው የግል ዩኒቨርሲቲም «ሪፍት ቫሊ» ነው። በዚሁ ስም የሚጠራ ሆቴልም አለ። ወይን ሊገዛ የወጣ ሰው ተሳስቶ ዲግሪ ይዞ አይመለስም፤ ስለዚህ ሕጉ አብረው እንዲኖሩ ይተዋቸዋል። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በምርትና በአገልግሎት መደብ ተከፋፍሎ ነው። ጠብ የሚነሳው ሁለት ሰዎች በአንድ መደብ ውስጥ፣ ለአንድ ዓይነት ዕቃ፣ ለአንድ ገዢ የሚመሳሰል ስም ሲያወጡ ነው።

ይህ ሁሉ ሕግ ከመምጣቱ በፊት የዚህ አገር ነጋዴ ያለ ምልክት አልነገደም። ማርያ ትሬዛ ብርን ማስታወስ ይበቃል። ዓመተ ምሕረቱ ሁልጊዜ 1780 የሆነው ይህ የኦስትሪያ ብር በእኛ ገበያ የታመነው የንግሥቲቱ መልክ ስለሚታወቅ ነው፤ ተቀባዩ የዘውዷንና የትከሻዋን ፈርጥ ነጥቦች ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1918 ንግሥቲቱን የምትመስል ሴት ቀርጻ ተመሳሳይ ብር አወጣች፤ ገበያው አልተቀበለውም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጦሯን ልታዘምት ስትል፣ አስመስሎ መሥራቱ እንዳላዋጣት አይታ የብሩን ማተሚያ ቅርጽ ከራሷ ከኦስትሪያ ወሰደች። ፍርድ ቤትም መዝገብም ሳይኖር የሐረርና የሸዋ ነጋዴ የአንድ መንግሥትን የተመሳሰለ ምልክት አላውቅም ብሎ መልሷል።

ሕጉ የመጣው በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። የንግድ ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ሲሆኑ፣ እሳቸው ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። የንግድ ስምን፣ የንግድ ቤት መለያ ስምን፣ ደንበኛን የሚያሳስት ተገቢ ያልሆነ ውድድርንም በወረቀት ላይ አሳምሮ አስፍሯል። የጎደለው መዝገብ ነበር። የንግድ ምልክት የሚመዘገብበት ሥርዓት በንግድ ሚኒስቴር መመሪያ የመጣው በ1978 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ደርግ የግል ንግድን አንቆ በያዘበት ዘመን። የዚያ ዘመን ጋዜጦችን ያገላበጠ ሰው «ማስጠንቀቂያ» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ያስታውሳል፤ የምልክቱ ሥዕል ከላይ፣ ከሥሩ «ይህን ምልክት የሚያስመስል ሁሉ በሕግ ይጠየቃል» የሚል ማሳሰቢያ። እንዲህ ያለውን ለማሳተም ጠበቃ የሚያቆሙት በአብዛኛው የውጭ ኩባንያዎች ነበሩ። የናዝሬት ባለ ወፍጮ ጠበቃ ቀጥሮ ጋዜጣ ላይ አያስነግርም።

በሙዚቃውም በኩል ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። በ1940 ዓ.ም. የወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሸክላ ማሳተምን ለሀገር ፍቅር ብቻ ሰጥቶ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ ገና ወጣት፣ ትእዛዙን ጥሶ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር ተነሥቶ በጥቂት ዓመታት ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» የሚለውን ሙዚቃ የሰማው በአብዛኛው ከአንድ አነስተኛ ነጋዴ መደብር ነው። ደርግ ሲመጣ አምሃ ተሰደደ፤ ሙዚቃው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ በፈረንሳይ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሲወጣ ግን አሳታሚዎቹ ፈቃድ ሊጠይቁ ወደ እሱ መጡ። በአገር ቤት በዚያው መካከል ካሴት ከየሱቁ እየተገለበጠ ይሸጥ ነበር፤ ፈቃድ የጠየቀ የለም።

ሕጎቹ ተከታትለው የወጡት በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ 320 ተቋቋመ፤ የቅጂ መብት አዋጅ 410 በ1996 ወጣ፤ የንግድ ምልክት አዋጅ 501 በ1998 ተከተለ። የቅጂ መብት አዋጁ ሆን ብሎ የጣሰን ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስፈርድበታል፤ ካሴትና ፊልም እየገለበጠ በሚኖረው ባለ ሱቅ ላይ ከባድ ዱላ ነበር። የንግድ ምልክት አዋጁ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ለወጠ። ከዚያ ወዲያ የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ምስክር ወረቀት ነው። ስሙን 20 ዓመት የተጠቀመበት ሰውና ትናንት ያስመዘገበው ሰው ሲጋጩ ወረቀቱ ያለው ጥሩ መሬት ላይ ቆሞ ይከራከራል። ምዝገባው 7 ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ ይታደሳል። አዋጁን የሚያስፈጽመው ደንብ 273 የወጣው ግን በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ስድስት ዓመት ተኩል ቆይቶ። በአሮጌው መመሪያ የተቀመጠ ምልክት የነበረውም እንደገና እንዲያስመዘግብ ተጠየቀ። ትልቁ ኩባንያ ይህን የሚከታተልለት ጠበቃ አለው። አነስተኛው ነጋዴ አዋጁንም ደንቡንም ሳይሰማ ያለፈው ብዙ ነው።

ትልቁ መምታታት ያለው እዚህ ላይ ነው። የአዳማ ነጋዴ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ የንግድ ስም ያስመዘግባል፣ ፈቃድ ያወጣል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ከዚህ በኋላ ስሙ የእኔ ነው ብሎ ይተኛል። የንግድ ስም ግን ነጋዴውን የሚለይ እንጂ ዕቃውን የሚለይ አይደለም። የበርበሬውን፣ የሽሮውን፣ የልብሱን ምልክት የሚጠብቀው ሌላ ቢሮ፣ በሌላ አዋጅ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 የፈጠራና የድርሰት መብት ጥበቃን ለፌዴራል መንግሥት ስለሰጠ፣ የክልሉ ንግድ ቢሮ ቢፈልግም በምልክት ጉዳይ ምስክር ወረቀት ሊሰጥ አይችልም። ይህን ለነጋዴው ፈቃድ ሲያወጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግረው ሰው ቢኖር ስንት ክስ ይቀር ነበር።

የሚገርመው፣ ኢትዮጵያ የአነስተኛው ገበሬ ስም እንደ ንግድ ምልክት እንዲከበር በውጭ አገር ያደረገችው ሙግት ከዚሁ ዘመን ጋር መግጠሙ ነው። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል፣ ምልክት ሊሆኑ አይችሉም አለ። ስታርባክስ ቀድሞ «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበት የራሱን ምልክት ለማስመዝገብ ጀምሮ ነበር። ኦክስፋም በጥቅምት 1999 ዘመቻ ከፈተ፤ ኢትዮጵያ ስሞቹን ብትቆጣጠር በዓመት እስከ 88 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ልታገኝ ትችላለች ሲል ገመተ። በዳይሬክተሩ በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ የሚመራው ጽሕፈት ቤት በርካቶች የመከሩትን የመልክዓ ምድር አመልካች መንገድ ትቶ ምልክትን መረጠ። ምክንያቱ ተጨባጭ ነበር፤ ቡናው እጅግ ብዙ ትናንሽ ማሳዎች ላይ ይበቅላል፣ የእያንዳንዱን ከረጢት ምንጭ ተቆጣጥሮ ማኅተም መምታት ደግሞ ወጪው ለገበሬው ይተርፋል። በሰኔ 1999 ስታርባክስ ተስማማ፤ ኢትዮጵያ የስሞቹ ባለቤት ሆና ያለ ክፍያ ፈቃድ ልትሰጥ። ይርጋጨፌ ቀድሞ ተመዝግቦ ነበር፤ ሐረርና ሲዳሞም ተከተሉ።

እዚህ ውስጥ የአዳማው ታፔላ ነገር ተመልሶ ይመጣል። «ሲዳሞ» የንጉሡ ዘመን ጠቅላይ ግዛት ስም ነው። በአስተዳደር ካርታ ላይ ከጠፋ ቆይቷል፤ ዛሬ ክልሉ ሲዳማ ነው፣ የቀድሞው ሲዳሞ ደግሞ ጌዴኦንና ጉጂን ጭምር ይዞ ነበር። መንግሥት በአገር ውስጥ የሻረውን ስም በዋሽንግተን የእኔ ነው ብሎ ተከራከረበት፤ ልክም ነበር፤ ገዢው የሚያውቀው ያንን ነውና። ያው ቡና ከሐዋሳ ተነሥቶ በሻሸመኔ፣ በባቱ፣ በሞጆ አድርጎ በአዳማ በኩል ወደ ጅቡቲ ሲወርድ፣ ጥግ ላይ ያለውን የ«ናዝሬት» ታፔላ አልፎ ነው የሚሄደው።

የዚያኑ ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ኒው ዮርክ ታይምስ ከአዲስ አበባ የጻፈው ሌላ ነገር ነበር፤ ስለ ካልዲስ ካፌ፣ አርማውና አቀራረቡ ስታርባክስን ስለ መምሰሉ። በውጭ ስሜን አትንኩ የምንል፣ በውስጥ የሰው አርማ ለማየት ከአንድ ጎዳና በላይ መሄድ አያስፈልገንም። አዳማም ሆነ ሻሸመኔ ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ የታዋቂ ስፖርት ልብስ ምልክት ይሳላል፤ ባለቤቱ ስርቆት አይለውም፣ ጌጥ ነው ይለዋል። የፎርጅድ ጫማ ነጋዴው ግን ያውቃል።

የቢሾፍቱው ጉዳይ ይበልጥ ያማል። የአድአ ጤፍ ስሙ ራሱ ዋስትና ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጤፍ የሚሸጥ ሰው «የአድአ ነው» ካለ ሌላ ማስታወቂያ አያሻውም። እ.ኤ.አ. በ2003 ከግብርና ምርምር ድርጅቱ ጋር በተደረገ ስምምነት 1,440 ኪሎ የጤፍ ዘር ወደ ኔዘርላንድስ ሄደ። በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጥቅም ተጋሪነት ውል ተፈረመ፤ ያኔ ዓለም ሁሉ እንደ ምሳሌ አነሳው። ኩባንያው ግን ቀድሞ የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር፤ በ2007 አውሮፓ ውስጥ ፓተንት ተሰጠው። ፓተንቱ የሚያወራው ጤፍ ታጭዶ ከቆየ በኋላ ስለሚፈጨው ዱቄትና ከዱቄቱ ስለሚጋገረው ነገር ነው። ጤፍን በጎተራ አከራርሞ ማስፈጨት የአድአ እናቶች ሥራ መሆኑን ማንም አልነገራቸውም ወይም አልሰሙም። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ለኢትዮጵያ የደረሳት ገንዘብ 4,000 ዩሮ ገደማ ነው። ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ተላልፎ ኖረ። የሻረው የሄግ ፍርድ ቤት ነው፣ በኅዳር 2011 ዓ.ም.፤ አዲስ ነገር የለበትም፣ ፈጠራም የለበትም ብሎ። ከሳሽና ተከሳሹ ሁለት የኔዘርላንድስ ኩባንያዎች ነበሩ። ኢትዮጵያ በችሎቱ አልነበረችም።

የዚያው የቢሾፍቱ ምርምር ማዕከል በ1998 ዓ.ም. ያወጣው ቁንጮ የተባለው ጤፍ መለያ ቁጥሩ በ«ዲ ዜድ» ይጀምራል፤ ደብረ ዘይት ማለት ነው። ከተማው ስሙን መልሷል፤ ዘሩ ግን አሮጌውን ይዞ በየማሳው ይዘራል።

ወደ አነስተኛው ነጋዴ ስንመለስ፣ አሁን ያለው ሁኔታ ይህን ይመስላል። በ2007 ዓ.ም. የተሻሻለው የቅጂ መብት አዋጅ፣ ካፌና ሆቴል ለንግድ ዓላማ ለሚያሰማው ሙዚቃ የሮያሊቲ ክፍያን አምጥቷል፤ የአዳማ ካፌ ባለቤት ቴፑን ሲከፍት ይህን አያስብም። ምልክት ለማስመዝገብ ያመለከተ ሰው ስም በጋዜጣ ወጥቶ ተቃዋሚ ካለ በ60 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ ይጠየቃል። በዓመታት ድካም ሽሮዋን ያስለመደች የአዳማ ሴት ያንን ጋዜጣ አታነብም። ሌላ ሰው የእሷን ስም ሲያስመዘግብ 60ው ቀን ያልፋል፣ እሷ የምታውቀው ከረጢቷን እንድታነሳ ደብዳቤ ሲደርሳት ነው። ልትከራከር ብትነሳ፣ ጉዳዩ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለሆነ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ውክልና በኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኩል ትሄዳለች። እዚያ ስትደርስ መጀመሪያ የምትጠየቀው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ነው፤ እሷ ይዛ የመጣችው የንግድ ፈቃዷን ነው።