የሻላ ጎጆ፣ የአብጃታ ማዕድ

ከሞጆ ደረቅ ወደብ በሐዋሳ መንገድ የሚወርድ መንገደኛ ዝዋይን ካለፈ በኋላ በቀኙ የአብጃታና የሻላ ሐይቆችን ያገኛል። ሁለቱን ሐይቆች የሚያቅፈው፣ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ብሔራዊ ፓርክ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲቋቋም ዋና ዓላማው የውሃ ወፎችን፣ በተለይ ነጭ ፔሊካንን መጠበቅ ነበር።

የፔሊካኖቹ ጎጆና ማዕድ ለየቅል ነበር። እንቁላል የሚጥሉት ከ260 ሜትር በላይ በሚጠልቀው በሻላ ደሴቶች ላይ ነበር፤ እዚያ ግን ዓሣ እምብዛም የለም። ፀሐይ ምድሩን ስታሞቅ በሚነሳው አየር እየዞሩ ከፍ ይሉና ወደ አብጃታ ተሻግረው ቆሮሶ ያጠምዱ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚሁ ከማዕዱ ነው።

ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ የሚወርደው ውሃ በመስኖ ተቀነሰ፤ የሶዳ አሽ ፋብሪካም ከሐይቁ ይስብ ጀመር። ውሃው ሲሸሽ ጨዋማነቱ በረታ፣ ዓሣውም ጠፋ። ፔሊካኖቹ ምግብ ፍለጋ ወደ ሌሎች ሐይቆች ዞሩ፤ ዳርቻው ዓሣ ለማይሹት ፍላሚንጎዎች ቀረ።