ገጹ ሳሎንና ጓዳ እስኪለይ

የመጀመሪያው ድረ ገጽ ክፍል አልነበረውም። ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል በሰርን ሆኖ በ1991 ለዓለም የከፈተው ገጽ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ርዕስ፣ ጽሑፍና ሊንክ ብቻ ነበር። ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ታነባላችሁ፣ ሊንክ ስትነኩ ሌላ ገጽ ይመጣል፣ በቃ። ራስጌ የለ፣ ግርጌ የለ፣ በጎን የተሰቀለ ሜኑ የለ። ዛሬ ኢሜይላችንን ስንከፍት በግራ ማውጫው፣ ከላይ መፈለጊያው፣ መሐል ላይ ደብዳቤው እንደሚጠብቀን አንጠራጠርም። ይህ እርግጠኝነት ግን ከሃያ ዓመት በላይ ጭቅጭቅ ፈጅቷል።

የመጀመሪያውን ግድግዳ ያቆመው ኔትስኬፕ ነው። በ1995 መገባደጃ ለሙከራ የወጣው ናቪጌተር 2.0 «ፍሬም» የሚባል ነገር ይዞ መጣ። የብራውዘሩን መስኮት ትከፋፍሉና በየክፍልፋዩ ራሱን የቻለ ሌላ ገጽ ታስገባላችሁ። ሜኑው ግራ ላይ ቁጭ ይላል፤ ሊንክ ሲነካ የሚለወጠው የቀኙ ብቻ ነው። ያኔ ሰው ኢንተርኔት የሚገባው በስልክ መስመር፣ ሞደሙ እየጮኸ ነበርና ሜኑው በየገጹ እንደ አዲስ አለመጫኑ ትልቅ እፎይታ ነው። ለዚህም ነው ሁሉም የተሻማበት።

ዕዳው የታየው ቆይቶ ነው። ድር የቆመው «አንድ ገጽ፣ አንድ አድራሻ» በሚል ስምምነት ላይ ነበር፣ ፍሬም ይህንን አፈረሰው። በቀኙ ክፍል አስር ገጽ ብታገላብጡም ከላይ ያለው አድራሻ አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ለጓደኛችሁ የምትልኩለት አድራሻ ሁልጊዜ ደጃፍ ላይ ያቆመዋል እንጂ እናንተ ያያችሁት ጋ አያደርሰውም። በመፈለጊያ በኩል የሚመጣ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል፤ መሐል ክፍል ውስጥ ዱብ ይላል፣ ሜኑ የለ፣ መውጫ የለ። በናቪጌተር 2.0 ላይማ የ«ተመለስ» ቁልፉ ከክፍሉ ሳይሆን ከነግቢው ነበር የሚያስወጣው፤ 3.0 ሲመጣ ነው የተስተካከለው። ያኮብ ኒልሰን በ1996 መጨረሻ ፍሬምን ገና በርዕሱ የሚሳደብ ጽሑፍ አወጣ። እንዲያም ሆኖ ኤችቲኤምኤል 4.0 በ1997 ማብቂያ ፍሬምን በይፋ ተቀበለው። ለእኔ ፍሬም መልሱን ሳተ እንጂ ጥያቄው ትክክል ነበር፦ የማይለወጠውንና የሚለወጠውን እንዴት እንለይ?

ከዚያ የሠንጠረዥ ዘመን መጣ። ለቁጥርና ለስም ዝርዝር የታሰበውን ሠንጠረዥ ዲዛይነሮች መስመሩን ደብቀው የገጽ አጥር አደረጉት። ዴቪድ ሲገል በ1996 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንን ዘዴ፣ ከማይታዩ ባለ አንድ ነጥብ ምስሎች ጋር፣ ለብዙዎች አስተማረ። በዓመቱ ራሱ ተመልሶ ድሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብሎ ጻፈ። ሲኤስኤስ በ1996 መጨረሻ ጸድቆ ነበር፣ ግን ብራውዘሮቹ በቅጡ እስኪደግፉት ዓመታት አለፉ። ሠንጠረዡ ቀስ በቀስ ሲወጣ ቦታውን የያዘው «ዲቭ» የሚባል ባዶ ሳጥን ነው። ዲቭ በራሱ ምንም ማለት አይደለም። ሰሪው «ሜኑ» ወይም «ግርጌ» ብሎ ስም ይለጥፍበታል፤ ስሙን የሚያነበው ግን ሌላው ሠራተኛ እንጂ ብራውዘሩ አይደለም።

ታዲያ ምን አለበት? ለሚያይ ሰው ምንም። ቀለሙ፣ ክፍተቱና ቦታው ክፍሉን ይነግረዋል። ዓይነ ስውር ተጠቃሚ ግን ገጹን የሚሰማው በስክሪን ሪደር ነው፤ ስክሪን ሪደር ደግሞ ቃሉን አንድ በአንድ፣ በኮዱ ተራ ያነባል። አርባ ሊንክ ያለው ሜኑ ከፊት ካለ፣ ዜናው ጋ ለመድረስ አርባውን መስማት ነው። ቀጣዩን ዜና ስትከፍቱ እንደገና አርባ። ክፍሉ በዓይን ብቻ የተሠራ ቤት ለእሱ ግድግዳ የለውም።

መጀመሪያ የተገኘው መላ ተራ ግን ብልህ ነው፦ በገጹ አናት ላይ «ወደ ዋናው ጽሑፍ ዝለል» የምትል ሊንክ። የአሜሪካ መንግሥት በ2000 ማብቂያ ለመሥሪያ ቤቶቹ ባወጣው የተደራሽነት ደንብ፣ የሚደጋገም ሜኑን መዝለያ መንገድ እንዲኖር በግልጽ አዘዘ። አሁንም በብዙ ገጾች ላይ ታብ የሚለውን ቁልፍ አንዴ ብትጫኑ ተደብቃ የነበረችው ሊንክ ብቅ ትላለች። ሞክሩት።

ስም ለክፍሎች በማውጣቱ ሥራ ሰዎች ቀድሞውኑ የሚጠቀሙባቸው ስሞችም ተቆጥረዋል። በጉግል ይሠራ የነበረውና የኤችቲኤምኤል 5 አርታኢ የሆነው ኢያን ሂክሰን በ2005 ከአንድ ቢሊዮን በላይ ገጾችን አስፈትሾ፣ ሰሪዎች ለሳጥኖቻቸው ደጋግመው ከሚሰጧቸው ስሞች መካከል ግርጌ፣ ሜኑና ራስጌ እንዳሉበት አየ። በ2008 በወጣው ረቂቅ «ሄደር»፣ «ናቭ»፣ «አሳይድ»፣ «ፉተር» የሚባሉ እውነተኛ ክፍሎች ተካተቱ። ሳሎኑ ግን ተረሳ! ዋናው ጽሑፍ የሚቀመጥበት ክፍል ስም አልተሰጠውም። የሂክሰን ክርክር ይህ ነበር፦ ራስጌውን፣ ሜኑውን፣ ጎኑንና ግርጌውን ስትቀንሱ የቀረው ዋናው ነው፣ ሌላ ስም ለምን? ይህ አመክንዮ በካርቱኑ በስኩቢ ዱ ስም ይጠራ ነበር፤ እዚያም ጭምብል ሲገፈፍ ነው እውነተኛው ሰው የሚታየው።

ወረቀት ላይ ያምራል። የሚሠራው ግን የተቀሩት ክፍሎች ሁሉ በትክክል ከተሰየሙ ብቻ ነው፤ የድሩን ልማድ የሚያውቅ ሰው ይህንን አያምንም። ስቲቭ ፎክነር በ2012 «ሜይን» ለሚባል ክፍል ረቂቅ ጽፎ ተሟገተ። ኤችቲኤምኤል 5 በጥቅምት 2014 ሲጸድቅ ሜይን ውስጡ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት አሪያ የተባለው መስፈርት ጸድቆ ስለነበር፣ ስክሪን ሪደሮች ከክፍል ወደ ክፍል በአንድ ቁልፍ መዝለል የሚችሉበት የጋራ ቋንቋ አገኙ። በኤንቪዲኤ ቁልፉ ዲ ነው፣ በጆዝ አር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ድሩ ራሱ ተቀይሮ ነበር። ጂሜይል በ2004 ከመጣ በኋላ ገጽ ማለት ቀርቶ አፕ ማለት ሆነ፤ ዙሪያው ሳይነቃነቅ መሐሉ ብቻ ይለዋወጣል። ያውቃችሁት እንደሆነ ይህ የፍሬም አሳብ ነው፣ ኃጢአቱም አብሮ ተመለሰ። የአድራሻው ነገር እንደገና ተበላሸ። ትዊተር በ2010 ከአድራሻው መሐል ሃሽና ቃለ አጋኖ የሚያስገባ አሠራር ጀምሮ በ2012 ተወው፤ ብራውዘሮች በዚያ መሐል ገጽ ሳይጫን አድራሻን በሥርዓት መቀየር ተምረው ነበር። ዝምታው ግን ቀረ፦ መሐሉ ሲለወጥ ስክሪን ሪደሩ ምንም ላይናገር ይችላል። ሰሪው ራሱ ትኩረቱን ወደ አዲሱ ርዕስ ካልወሰደው፣ ተጠቃሚው የነካው ሊንክ መሥራቱን እንኳ አያውቅም።

በ2017 ሲኤስኤስ ግሪድ በትልልቆቹ ብራውዘሮች ሲገባ ክፍሎችን በስም ጠርቶ ማስቀመጥ ተቻለ። ደስ ይላል፣ ግን ወጥመድ አለበት፤ በኮዱ መጨረሻ ያለውን ክፍል ለዓይን አናት ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፣ የታብ ቁልፍ ግን የሚሄደው በኮዱ ተራ ነው።

አንድ አፕ ውስጥ ሦስት ሜኑ ሲኖርስ? ያኔ ለእያንዳንዱ መለያ ይሰጠዋል፦ «ዋና»፣ «የመለያ ቅንብር»፣ «የገጽ ቁጥር»። «ዋና ሜኑ» ብሎ መጻፍ አያስፈልግም፤ ስክሪን ሪደሩ የክፍሉን ዓይነት ራሱ ስለሚናገር «ዋና ሜኑ ሜኑ» ሆኖ ይሰማል። መለያው በአማርኛ ከሆነ ደግሞ የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ በኮዱ መገለጽ አለበት። ኤንቪዲኤ የሚጠቀምበት ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል፤ ቋንቋው ካልተነገረው ግን ፊደሉን በየትኛው ድምፅ እንደሚያነብ አያውቅም።

የመፈለጊያ ሳጥን የራሱን «ሰርች» የሚባል ክፍል ያገኘው በ2023 ነው።